ምልመላ

ምልመላ «መለመለ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። ግሱ የዛፍን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማስተካከል ማለት ሲሆን፣ በሠራዊትና በስፖርት ከብዙዎች መካከል የሚፈለገውን ለይቶ መውሰድን ያመለክታል። ሥራውን የሚሠራው መልማይ፣ የሚመረጠው ተመልማይ ይባላል።

ምልመላ ከምርጫ ይለያል። አሠልጣኝ ለነገው ጨዋታ አሥራ አንድ ተጫዋቾችን ሲመርጥ የዛሬን ብቃት ይመዝናል፤ መልማይ ግን ታዳጊው ከዓመታት በኋላ የሚደርስበትን ይገምታል። በቤዝቦል ይህ ልዩነት በቁጥር ይቀመጣል። በሜዳው ጥልቀት የሚሰለፍ ወጣት ኳስን በዱላ የማግኘት፣ አርቆ የመምታት፣ የመሮጥ፣ የመወርወርና የመቅለብ ችሎታው ከ20 እስከ 80 ይመዘናል፤ 50 አማካይ ነው። ለእያንዳንዱም ሁለት ነጥብ ይሰጣል፦ አንዱ ለአሁኑ፣ ሌላው ለወደፊቱ።

በእግር ኳስ ለክንፍ ተጫዋች ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ኳስ ሳትደርሰው ቀና ብሎ ዙሪያውን ማየቱ፣ ሲነጠቅም ወዲያው ለመከላከል መመለሱ ይታያል። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ እኩዮቹን በጉልበት ስለሚበልጥ መልማይን ያሳስታል፤ ዘግይቶ የሚያድገው ባለ ክህሎት ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ዕድሜን በትክክል ማወቅና ደጋግሞ ማየት ግድ ነው።

በአገራችንም፣ በአዲስ አበባ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ፣ በአራዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ተጫዋቾቹ የሰፈር ወጣቶች ነበሩ። ክለቡን በወጣትነታቸው የተቀላቀሉት ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል። ተሰጥኦ በሰፈር ሜዳ ይገኛል፤ ምልመላ ደግሞ ሳይባክን የሚለይበት ሥርዓት ነው።