«ያስቀምጠኛል»፤ ማን ነው የሚያስቀምጠው?

ጊምቢቹ በሃዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ መቀመጫ ናት። ባንክ ያለ ገንዘብ ተቀማጭ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ «ተቀመጡ» እንላለን። ሆዱ የተበላሸበት ሰው ደግሞ «ያስቀምጠኛል» ይላል፤ በሽታውም ተቅማጥ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሽታው በየደቂቃው እያስነሳ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ ቋንቋው የሚወጣውን ነገር ትቶ የታማሚውን አቀማመጥ ጠራ። ቃሉ ሲፈጠር የጨዋ ቃል ነበር ማለት ነው። ቅዘን የሚለው ቃል ግን ነገሩን ፊት ለፊት ስለሚናገር ዛሬ በሰው ፊት የሚነሳው እምብዛም ነው።

የትውከት ዘር ደግሞ ሌላ ነው። አስታወከ የመጣው ከታወከ ነው፤ ሁከትም የዚያው ወገን ነው። በግእዝ «ሆከ» ማለት አነዋወጠ፣ በጠበጠ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲያስታውከው ሆዱ ውስጥ ሁከት ተነስቷል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ሰዋስዉ ነው። ያስቀምጠኛል፣ ያስታውከኛል፣ ያመኛል። ተሳቢው ይታወቃል፤ እኔ ነኝ። ባለቤቱ ግን ማን ነው? ግሱ አድራጊ እንዳለው ይናገራል እንጂ ስሙን አይነግረንም። ስለ ተቅማጥ ፈጣን ምርመራ ሳስብ የሚታየኝ ይህ ክፍት ቦታ ነው። ምርመራው የሚፈልገው የግሱን ባለቤት ነው።

አባቶቻችን ባለቤቱን ባያውቁትም ሥራውን አሳምረው ሰይመውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌራ ፈንግል ይባል ነበር። ፈነገለ ማለት ገልብጦ ጣለ ነው፤ ጠዋት በእግሩ የቆመውን ማታ ይጥለዋልና። በ1866 እ.ኤ.አ. በጣና ዳር በቆራጣ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ያስጨነቀው ይኸው በሽታ ነበር። ዛሬ ግን ፈንግል ሲባል ሰው የሚያስበው ዶሮን ነው፤ ቃሉ ከሰው ወጥቶ ዶሮ ለሚፈጀው ወረርሽኝ ስም ሆነ። በምትኩ ኮሌራ የሚለው የባዕድ ቃል ገባ። እሱም ቢሆን ከግሪክ የወረደና ከሐሞት ስም ጋር የተያያዘ ነው። የጥንት ሐኪሞች በሽታውን የሐሞት መብዛት ያመጣዋል ይሉ ስለነበር የተሳሳተው ግምት ስሙ ላይ ታትሞ ቀረ።

ከዚያ አተት መጣ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፤ አ፣ ተ፣ ት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በሬዲዮና በየግድግዳው ማስታወቂያ ሲነገር አብዛኛው ሰው ቃሉን ለመደው። እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አፍሉ ለማለት ጥሩ ቃል ነው፤ አጭር ነው፣ አይረሳም። ነገር ግን አተት የምልክት ስም እንጂ የተህዋስ ስም አይደለም። አጣዳፊነቱን፣ ተቅማጡን፣ ትውከቱን ሁሉ ቆጥሮ የግሱን ባለቤት አሁንም ክፍት ይተወዋል። በእኔ እምነት ኮሌራ ሲሆን ኮሌራ መባል አለበት። በሽታን በስሙ መጥራት አገርን አያዋርድም።

ለባለቤቱ ያሉን ስሞችም የሚያኮሩ ናቸው። ተህዋስ ከግእዙ «ተሐውሰ»፣ ተንቀሳቀሰ ከሚለው የመጣ ነው። የኮሌራው ባክቴሪያ የሳይንስ ስም ቪብሪዮ ነው፤ ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ በ1854 እ.ኤ.አ. በአጉሊ መነጽር ሲያየው ይርገበገብ ስለነበር ከላቲኑ «መርገብገብ» ስም አወጣለት። ግእዝና ላቲን ሳይመካከሩ አንድ ነገር ተናገሩ። ጥገኛ ተውሳክ የሚባሉት እነ አሜባና ጃርዲያ ደግሞ ስማቸውን ያገኙት «ወሰከ»፣ ጨመረ ከሚለው ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ተውሳከ ግስ ያው ቃል ነው፤ አንዱ በግስ ላይ የሚጨመር፣ ሌላው በሰው አካል ላይ።

ጤና ጣቢያ ደርሶ የመጣ ሰው «ሰገራ አሠራሁ፣ አሜባ አለብህ አሉኝ» ይላል። ይህ የአጉሊ መነጽር ሥራ ነው። ቪብሪዮን በእርግጠኝነት ለመለየት ግን ተህዋሱን ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ይህም ቀናት ይወስዳል፣ ላብራቶሪም ይጠይቃል። ከዞኑ ዋና ከተማ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ብቻ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊምቢቹ ከሆሳዕናም አልፋ ነው ያለችው። ፈጣኑ ምርመራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙና የሚለው ቃል ሥሩ ፋርስ ሲሆን በሕንድ ቋንቋዎችም ይገኛል፣ በንግድ መንገድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቀጭኑ ዘንግ ናሙናው ውስጥ ሲነከር ፈሳሹ ወደ ላይ ይሳባል። በደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ላይ የተለጠፉ አንቲቦዲዎች የቪብሪዮን ምልክት ካገኙ ይይዙትና ቀይ መስመር ያወጣሉ። ሌላው መስመር ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ነው። ውጤቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በስፋት ከታወቁት ዘንጎች አንዱ የተፈለሰፈው ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ነው። የአዲስ አበባ ሰው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ዛሬም «ፓስተር» ይለዋል፤ መሠረቱ በንጉሡ ዘመን የነበረው የፓስተር ተቋም ነውና። የፈረንሳዩ ሊቅ የፓስተር ስም ዘንጉን ከፈጠሩትም፣ የዘንጉን ውጤት ከሚያጣራው ቤትም ጋር ይነሳል። ማጣራቱ የግድ ነው፤ ዘንጉ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ወረርሽኝ መግባቱን ቶሎ ለማወቅ እንጂ በአንድ በሽተኛ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ለመስጠት አይደለም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ ከአንድ ወረዳ ተነስቶ ብዙ ክልሎችን አዳርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ የትኛው ምንጭ በክሎሪን ይታከም፣ የትኛው ቀበሌ ይጠበቅ የሚለው በእነሱ ይወሰናል። ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ከ1 ሚሊዮን በላይ የኮሌራ ፈጣን መመርመሪያዎችን ለ14 አገሮች ማከፋፈል ሲጀምር ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ ተቆጥራለች። እነዚህ ዘንጎች በከተማ መጋዘን ሳይቀመጡ እንደ ጊምቢቹ ላሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች መድረስ አለባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትዎ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው ካለ ውጤት አይጠብቁ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው አሁኑኑ ያጠጡት፤ ተህዋሱ ማንም ይሁን ማን የወጣው ውሃ መተካት አለበት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ናሙና ሲጠየቁም ሳያፍሩ ይስጡ።