የ1.5 ቢሊዮን የን ዕዳ የወረሰው ፕሮግራመር

እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የ33 ዓመት ጃፓናዊ የኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሹመቱ ግን "እንኳን ደስ አለህ" የሚያሰኝ አልነበረም። የተረከበው ድርጅት ለኪሳራ የተዳረገ፣ 1.5 ቢሊዮን የን ዕዳ የተቆለለበት ነበር። ሰውየው ሳቶሩ ኢዋታ፣ ድርጅቱ ሃል ላቦራቶሪ ይባላል። ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ካምፓኒዎች ቀድመው የሚያስቡት ሠራተኛ መቀነስን በሆነበት በዚህ ዘመን፣ የዚህ ትንሽ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ ሊነገር ይገባዋል።

ሃል በ1980 ቶኪዮ ውስጥ ተመሠረተ። የጀመሩት ሰዎች የተዋወቁት በአንድ ትልቅ መደብር የኮምፒውተር መሸጫ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የግል ኮምፒውተር ብርቅ ነበር፤ ስለዚህ ፍቅሩ ያደረባቸው ወጣቶች ለመግዛት ሳይሆን ለመነካካት እዚያ ይውሉ ነበር። ስማቸውን ሲያወጡም ድፍረት አላጡም። የዘመኑ የኮምፒውተር ንጉሥ አይ ቢ ኤም ነበርና፣ ከእያንዳንዱ ፊደሉ በፊት የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ፊደል ወስደው ኤች፣ ኤ፣ ኤል አሉ። ከአይ ቢ ኤም በአንድ እርምጃ እንቀድማለን ማለታቸው ነው።

ኢዋታ የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ ይሠራላቸው ነበር። በ1982 ሲመረቅ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ትቶ ስሟ ወደማይታወቀው ሃል ጠቅልሎ ገባ። አባቱ በሆካይዶ የሙሮራን ከተማ ከንቲባ ነበሩ። ልጃቸው የተማረውን ሁሉ ለጨዋታ ሊያውለው መሆኑን ሲሰሙ ስድስት ወር ያህል እንዳላነጋገሩት ኢዋታ ኋላ ላይ ተናግሯል።

በ1983 ኔንቲዶ ፋሚኮም የተባለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ኢዋታ ሥራ ስጡን ብሎ ወደ ኪዮቶ ሄደ። የማሽኑ አንጎል ከሚያውቀው ኮምፒውተር ቺፕ ጋር ተመሳሳይ ስለነበር አሠራሩን ከብዙዎች ቀድሞ ያውቀዋል። ኔንቲዶ የጎልፍ ጌም ፈልጎ ሌሎች "18ቱ ሜዳዎች በዚህች ትንሽ ካሴት ውስጥ አይገቡም" ብለው ሲመልሱት፣ ሃል ሥራውን ተቀበለ። ኢዋታ መረጃውን እየጨመቀ ሁሉንም አስገባቸው። "ሌላው እምቢ ያለውን እነሱ ይሠሩታል" የሚለው ዝና የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዝና ግን ዕዳ አይከፍልም። በ1990ዎቹ መግቢያ የጃፓን ኢኮኖሚ አረፋ ሲፈነዳ፣ ጌም ለመሥራት የሚያስፈልገው ጊዜና ገንዘብ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየናረ ነበር። ሜታል ስሌደር ግሎሪ የተባለው የሃል ሥራ አራት ዓመት ፈጅቶ በ1991 ወጣ፤ ወጪውን ግን መመለስ አልቻለም። በ1992 ኩባንያው ወደቀ። በስፋት እንደሚነገረው፣ የኔንቲዶው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ እጃቸውን ለመዘርጋት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ኢዋታ ፕሬዚዳንት ይሁን።

ኢዋታ ስለ ሂሳብ መዝገብና ስለ ባንክ ድርድር የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ትልቁ ችግሩ ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሠራተኞቹ የአለቆቻቸውን ትእዛዝ ተከትለው ሠርተው ነው እዚህ የደረሱት፤ "ተከተሉኝ" የሚልን ሰው ለምን ይመኑ? እሱ የጀመረው በማዳመጥ ነው። ከ80 እስከ 90 ከሚሆኑት ሠራተኞች ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ በአንድ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዱ ንግግር በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ አንዳንዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አሁን ደስተኛ ነህ ወይ? ከዕዳ በታች ያለ ኩባንያ መሪ ይህን ሁሉ ሰዓት ለወሬ ማዋሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ማን ምን እንደሚችል፣ ማን ለምን እንደተከፋ ያወቀው እዚያ ነው። ሥራም ያከፋፈለው በዚያ እውቀት ነው።

ዕዳውን ካቃለሉት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ካርቢ ነው። ማሳሂሮ ሳኩራይ የተባለ ወጣት ሠራተኛ የጌሙን ሐሳብ ያቀረበው በ19 ዓመቱ ነበር፤ ጌም የማይችል ሰው እንኳን የሚጨርሰው ጌም። ክቡ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ላይ እውነተኛው ሥዕል እስኪሠራ ቦታ ለመያዝ የተቀመጠ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ሁሉም ወደደውና ቀረ። ጌሙ በሌላ ስም ማስታወቂያ ወጥቶለት 26,000 ያህል ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ፣ የኔንቲዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ "ትንሽ ቢስተካከል እጅግ ጥሩ ይሆናል" አለ። ሃል የሽያጭ ክፍሉ እየተቆጣ ትእዛዙን ሰርዞ ሥራውን እንደገና አስተካከለ። በ1992 የወጣው ካርቢ ከ5 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ፤ ከተሰረዘው ትእዛዝ ከ190 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ገንዘብ ለጠማው ኩባንያ በእጅ የገባን ትእዛዝ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ኢዋታ ፕሬዚዳንት ሆኖም ኮድ መጻፉን አልተወም። ማዘር 2 የተባለው ጌም አራት ዓመት ተሠርቶበት መያዣ መጨበጫ ሲያጣ ለእርዳታ ተጠራ። ሁለት ምርጫ አቀረበ፤ ያለውን እንጠግን ካላችሁ ሁለት ዓመት፣ ከዜሮ እንጀምር ካላችሁ ግማሽ ዓመት። ከዜሮ ተጀመረ፤ በ1994 ለገበያ በቃ። በ1999 ደግሞ እሱና ሳኩራይ በትርፍ ጊዜያቸው የጀመሩት ሱፐር ስማሽ ብሮስ ወጣ። በዚያው ዓመት፣ ፕሬዚዳንት በሆነ በስድስት ዓመቱ፣ 1.5 ቢሊዮኑ የን ተከፍሎ አለቀ።

ያማኡቺ በ2000 ወደ ኔንቲዶ ወሰዱት፤ በ2002 ወንበራቸውን ሰጡት። ኔንቲዶ ከ1889 ጀምሮ ከቤተሰቡ ውጪ በሆነ ሰው ሲመራ የመጀመሪያው ነበር። በእሱ ዘመን የወጡት ዲ ኤስ እና ዊ እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፤ ኩባንያው ኪሳራ ውስጥ ገባ። ኢዋታ በ2011 የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ፤ በ2014 እንደገና ደገመው። ባለአክሲዮኖች ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ሲጠይቁት በ2013 የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፤ ነገ እባረራለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው የሰውን ልብ የሚነካ ጌም አይሠራም።

ይህን ታሪክ የአንድ ሰው ተአምር አድርጎ መተረክ ስህተት ይሆናል። ሃል የተነሣው ኔንቲዶ ስለደገፈው ነው። ኔንቲዶም ሠራተኛ ሳይበትን ክፉ ቀን ማለፍ የቻለው በደጉ ዘመን ያከማቸው ጥሪት ስለነበረው ነው፤ ባዶ ካዝና ያለው መሪ በጎ ፈቃድ ብቻውን አያሻግረውም። ደመወዝ መቀነሱም ዊ ዩ የተባለውን ማሽን ከውድቀት አላዳነውም። ነገር ግን ሠራተኞቹ አልተበተኑም። ኢዋታ በሐምሌ 2015 በ55 ዓመቱ በካንሰር ሲሞት በእሱ አመራር የተጀመረው ስዊች ገና በሥራ ላይ ነበር። በ2017 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ኪሳራ በመጣ ጊዜ ሒሳቡን ማን ይክፈል? የተለመደው መልስ "ከታች ያለው" የሚል ነው። ኢዋታ ከራሱ ጀመረ፤ ያንንም ያደረገው በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን፣ ቀጣዩን ጌም የሚሠሩት እነዚያው ሰዎች መሆናቸውን በሃል ስለተማረ ነው።

ሃል ዛሬም አለ፤ ካርቢንም ይሠራል። ከ1998 ጀምሮ ዓርማው ጎጆ ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ውሻ ናት። ዕዳውን ከፍሎ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ለፈጀበት ኩባንያ ዓርማው ይስማማዋል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።