15 ዓመት በሰው ፊት የፈሰሰው ውሃ

ብረት በቶርኖ ሲቆረጥ ይግላል። ሙቀቱ የሚበረታው መቁረጫው ላይ ነው፤ ስለቱ ከጋለ ይለሰልስና ይዶለዱማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዘዴ ከትንሽ ጣሳ ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግ ነበር። ጠብታው የብረቱን ገጽ ያሳምራል እንጂ ስለቱን አያቀዘቅዝም።

እ.ኤ.አ. በ1883 በፊላደልፊያው ሚድቬል ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ቴይለር ሌላ ነገር ሞከረ። ስለቱ ብረቱን በሚልጥበት ቦታ ላይ ብዙ ውሃ ሲለቀቅ የመቁረጡ ፍጥነት ከ30 እስከ 40 በመቶ ጨመረ። በዓመቱ አዲስ ወርክሾፕ ተሠራ። በየማሽኑ ሥር የብረት ትሪ ተቀመጠ። ዝገት ለመከላከል ሶዳ የተጨመረበት ውሃ ከትሪው ወደ አንድ ጉድጓድ ይወርዳል፤ በፓምፕ ወደ ላይኛው ታንከር ይወጣል፤ ከዚያ ወደየማሽኑ ይመለሳል። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ቶርኖ የተከለ ሰው በባልዲ፣ በትንሽ ፓምፕና በጎማ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ወርክሾፑ ለጎብኚ ክፍት ነበር። ሆኖም ቴይለር በ1906 እንደተናገረው፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ እስከ 1899 በአገሩ ይህን የተከተለ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ብቻ ነበር። እሱም ከሚድቬል የወጡ ሰዎች የሚሠሩበት ነው። በ1899 የተከተለው ቤተልሔም ብረት ኩባንያ ሲሆን፣ ያኔ ቴይለር ራሱ እዚያ ነበር።

ጥበቡን ይዘው የሄዱት እጃቸውን ያስገቡበት ሰዎች ናቸው። ጎብኚው አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለልምድ ልውውጥ ጉዞ በጀት የሚመድቡ ሁሉ ከልዑካኑ መካከል ማሽኑን የሚነካው ማን እንደሆነ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው።