ደጅ ስለ ጠኑ መጻሕፍት፤ ከጎጀብ እስከ ጎሬ

ዛሬ ሚዛን አማን ወደምትባለው ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ይሻገርና በቦንጋ በኩል ይመጣል፤ ሁለተኛው ከጎሬ ወጥቶ በማሻና በቴፒ በኩል ይገባል። በሁለቱም መንገዶች መንገደኛው በግራና በቀኝ የሚያየው ደንና ቡና፥ ኮረሪማና የንብ ቀፎ ነው። ስለ ቡናው ብዙ ሰው ጽፏል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ልናስታውስ የወደድነው በእነዚህ መንገዶችና በአካባቢያቸው ያለፉትን የብዕር ሰዎች፥ መጻሕፍታቸውም በማተሚያ ቤትና በባለ ሥልጣን ደጅ የቆዩበትን ዘመን ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን ይህ ነው። በሚዛንና በቴፒ ብዙ ወጣቶች ልብ ወለድ ታሪክ እየጻፉ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፤ መልስ ግን ሳያገኙ ዓመት ይመጣል፥ ዓመት ይሄዳል። ከእነርሱ አንዱ የቡና ለቀማ ገንዘቡን አጠራቅሞ ድርሰቱን በኮምፒዩተር አስጽፎ ከላከ በኋላ ሁለት ክረምት ጠብቆ ዝም ቢሉት፥ በእጁ የቀረውን ደብተር እሳት ውስጥ ሊጨምረው እንደ ነበረ እናቱ አጫወተችን። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ መገረማችን አልቀረም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሰው ተለይቶ በዛፍ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤቱ ባይመታ፥ ሰሙና ወርቁ ባይስማማ፥ መምህሩ እዚያው ይነግረዋል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ውርደቱ የአንድ ሌሊት ነው፤ በማግሥቱ ሌላ ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። መጽሐፍ ጽፎ የላከ ሰው ግን እንዲህ ያለ መምህር የለውም፤ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አይሆንም» እንኳ አይደለም፥ ዝምታ ነው እንጂ።

ይህ ዝምታ ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ የአገራችንን የኅትመት ታሪክ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮም ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን ማተሚያ ቤት አታሚ ነው እንጂ አሳታሚ አይደለም። ልዩነቱ ብዙ ነው። አሳታሚ የደራሲውን ጽሑፍ አንብቦ፥ መዝኖ፥ ገንዘቡን አውጥቶ ያሳትማል፤ አታሚ ግን ዋጋውን የከፈለውን ሁሉ ያትማል። ስለዚህ ደራሲው ከራሱ ኪስ ካልከፈለ፥ ወይም አንድ ታላቅ ሰው ወጪውን ካልቻለለት በቀር፥ መጽሐፉ በሣጥን ይቀር ነበር። ገንዘቡን ቢያገኝም ጽሑፉ በሳንሱር ሹም እጅ ማለፍ ነበረበት። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲቋቋም የአሳታሚነት ሥራ በእውነት ተጀመረ ማለት ይቻላል፤ ብዙ ደራስያንም በእርሱ አማካይነት ታውቀዋል። ሆኖም በር አንድ ብቻ ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሳንሱሩ ቀርቶ በሩ ቢበዛም፥ የወረቀቱና የኅትመቱ ዋጋ እንደ ገና ወደ ደራሲው ኪስ ተመለሰ። እንግዲህ የሚዛኑ ወጣት ጽሑፉ ሳይመለስለት የቀረው መጥፎ ስለ ሆነ ነው ብሎ ለመፍረድ ማስረጃ የለውም። ምናልባትም ማንም አላነበበለትም።

አሁን ወደ ጎጀብ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፥ በሽሬ ግንባር የተዋጉት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው በጎሬ ተቀመጡ። ጠላት ከየአቅጣጫው ሲገፋ ወደ ከፋ አቀኑ፤ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከእርሳቸው ጋር ከተማረኩት መካከል አንዱ ከጎጃም የመጡ፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ወጣት ነበሩ፤ ስማቸውም ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ሁለቱም ወደ ኢጣልያ ተወስደው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ በግዞት ቆዩ። (ራስ እምሩ በታሰሩባት በፖንዛ ደሴት በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ራሱ መታሰሩን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም።)

አቶ ሐዲስ ከጦርነቱ በፊት ተውኔት ጽፈው ነበር። ከግዞት ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አወጡ። ታላቁ ሥራቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከጎጀብ ምርኮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ እርሳቸው ዲፕሎማት፥ ሚኒስትርና አምባሳደር ነበሩ፤ ልብ ወለዱንም የጻፉት በሎንዶን አምባሳደርነታቸው ዘመን ነው። የቡና ችግኝ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየት ሦስት ወይም አራት ዓመት እንደሚፈልግ የቴፒ ገበሬ ያውቃል፤ ይህ ግን ከቡና በብዙ የራቀ ትዕግሥት ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሊቅ የጎጃምን የአብነት ትምህርት ቤት ሕይወት፥ የቆሎ ተማሪውን መንከራተትና የቅኔ ቤቱን ፉክክር እንደ ትናንት ነገር ተስሎ ያገኘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ በሃያ አምስት ዓመቱ ቢጽፈው ኖሮ ይህን ያህል አይበስልም ነበር። ከታተመም በኋላ ወደ ሕዝብ ጆሮ በሙሉ የደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር በዚያ ሰማ።

በጎሬ በኩል ያለው ታሪክ ግን ከዚህ ይመርራል። አቶ አቤ ጉበኛም እንዲሁ ከጎጃም፥ እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ቅኔ አዋቂ ነበሩ። «አልወለድም» የተባለው ልብ ወለዳቸው በ1955 ዓ.ም. ታተመ፤ ወዲያው ግን እንዳይሸጥ ተከልክሎ ከገበያ ተሰበሰበ። በጽሑፋቸው ምክንያት ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው እርሳቸውም ወደ ጎሬ ተግዘዋል። እንዲህ ያለው መከልከል ከአሳታሚ ዝምታ የሚለየው፥ መጽሐፉ ስለ ተነበበ የመጣ በመሆኑ ነው። አቶ አቤ ብዕራቸውን አልጣሉም፤ በ1961 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚናገረውን «አንድ ለናቱ»ን ለአንባቢ አቀረቡ።

ከዚያው ከኢሉባቦር፥ ከሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። እርሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ስለ ነበረ በደጁም በውስጡም የቆመ ሰው ነው። በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል»ን አሳተመ። መጽሐፉ ታትሞ፥ ተነቦም ሳለ፥ ደራሲው ራሱ አልረካበትምና እንደ ገና ጽፎ፥ አስፍቶ፥ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» ብሎ አወጣው፤ ታሪኩም የትውልድ አገሩን ኢሉባቦርን የያዘ ነው። ማንም «አይሆንም» ሳይለው ራሱን «አይሆንም» ያለ ደራሲ በአገራችን ብዙ አይገኝም። በዚያው ዓመት የታተመው «ኦሮማይ» ግን ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፥ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ደግሞ ከዚያው አገር፥ ከሁሩሙ፥ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋይ ተወስዶ በምጽዋ ነፃ የወጣ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለ ሰው ነበረ። በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ የተለየ ቢሆንም፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም የደከመውን ድካም መካድ አይገባም። ሙሉው መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 በስዊስ አገር ታተመ፤ ተርጓሚው ግን ቀድሞ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ሊገባ ሞክሮ ሳይሆንለት ተመልሶ ስለ ነበረ፥ ወደ ነቀምቴ የደረሰው በ1904 ነው። በእርሱ ዘንድ የቆየው ኅትመቱ ሳይሆን አንባቢው ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ሲሰሙ መዘግየት ራሱ ጸጋ ነው ይላሉ። በዚህ አንስማማም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዘመነ ዘውዲቱ ያሳዩት የአውሬዎች ተውኔት ባለ ሥልጣኖችን ስላስቆጣ ታገደ፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ ጽፈው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ይህ እንዴት ነበረ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር መላሹ በመቃብር ነበር። ይህ ለአገር ኪሳራ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም።

ሆኖም እነዚህ ጽሑፎች ተጠብቀው ስለ ተገኙ ታተሙ። እዚህ ላይ ለሚዛኑ ወጣትና ለመሰሎቹ የምንለው አለን፤ ድርሰት አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ከቤት አይውጣ። አባቶቻችን ድጓውን ጽፈው ሲጨርሱ ሌላው ደብር ገልብጦ እንዲወስድ ይፈቅዱ የነበረው በከንቱ አይደለም፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል በሌላው ይገኛል። ቅኔ ግን በማኅሌት አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ጻፊ ካላገኘ ጠፍቶ ይቀራል፤ ስንት መወድስ እንዲህ እንደ ጠፋ የምናውቅ እናውቃለን። የላኩትን ሲጠብቁ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም፤ አቶ ሐዲስ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974 ዓ.ም.፥ «የልም እዣት»ን በ1980 ዓ.ም.፥ የጦርነቱንና የግዞቱን ማስታወሻ «ትዝታ»ን ደግሞ በ1985 ዓ.ም. አሳትመዋል። ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር።

አለቃቸው ራስ እምሩ ግን የራሳቸውን መጽሐፍ ታትሞ አላዩም። በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ፤ «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለው ማስታወሻቸው በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ከጎጀብ ወንዝ ዳር ከተማረኩበት ቀን ጀምሮ ቢቈጠር ሰባ ሦስት ዓመት ይሆናል።