ድልድዩ ላይ ያመሹ ሰዎች

እንግዲህ ስሙኝ ወገኖቼ፤ የማወጋችሁ ነገር የተፈጸመው በሩቅ አገር ነው፤ ቢሆንም እኛም መንገደኞች ነንና አይጠፋንም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሆለታን ያልፋል፣ ዐፄ ምኒልክ አዲስ መናገሻ ሊያደርጓት አስበው የነበረችውን አዲስ ዓለምንም ያልፋል፣ ከዚያም የጊንጪን ማሳ ግራና ቀኝ እያየ አምቦ ይገባል፣ የሁሉቃን ወንዝ ይሻገራል፣ ጥቂት ሄድ ብሎም ጉደርን ይሻገርና የጌዶን መንገድ ይያያዘዋል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ድልድዩን ልብ የሚለው ማን ነው? ሐምሌ ገብቶ ጉደር ሲደፈርስ፣ ከላይ የነቀለውን ግንድ እያንከባለለ ሲያጓራ፣ ያኔ ነው ሹፌሩ ፍጥነቱን የሚቀንሰው፣ ተሳፋሪውም በስመ አብ የሚለው። የእኛን ድልድይ የሚፈታተነው ደራሽ ውሃ ነው፤ መርከብማ ከየት መጥቶ!

ባልቲሞር ላይ ግን ከድልድይ ሥር መርከብ ያልፋል። ባልቲሞር በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሜሪላንድ ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለችም፤ የስንቱ እናት ልጅ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሌሊቱን ሲሠራ ያድርና ለቤተሰቡ ይልካል። እዚያች ባልቲሞር፣ ፓታፕስኮ በሚባለው ወንዝ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ድልድይ ነበር። ፍራንሲስ ስኮት ኪይ ይሉት ነበር። የተከፈተው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ነው፤ መጋቢት በገባ በወጣ 47 ዓመት ቆመ፤ የወደቀውም በመጋቢት ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። እኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፤ አምቦ ላይ ሱቁ ተከፍቷል፣ ባጃጁም ወዲያ ወዲህ ይላል። እነሱ ዘንድ ግን ሌሊት ነው፣ ብርዱም የመጋቢት ብርድ ነው። ዳሊ የምትባል፣ የሲንጋፖር ባንዲራ የሰቀለች፣ 300 ሜትር የምትረዝም የጭነት መርከብ 4,700 ያህል ኮንቴይነር ጭና ወደ ስሪላንካ ልትሄድ ከወደቡ ወጣች። መርከበኞቹ አንዱ ሲቀር ሕንዶች ናቸው፤ መውጫውን የሚያውቁ ሁለት የአገሬው መሪዎችም አብረው አሉ። ጎታች ጀልባዎቹ ከወደቡ አውጥተው ሸኟትና ተመለሱ፣ መርከቧም በራሷ ጉልበት መሄድ ጀመረች፣ ከዚያም ድልድዩ ፊት ለፊት እየታየ ሳለ ድንገት መብራቷ ጠፋ። መብራቱ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞም ጠፋ። ከ100 ሺህ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ያለ ሞተር፣ በጨለማ፣ ወደ ድልድዩ ምሰሶ ይንሳፈፍ ጀመር።

አሁን ዐይናችሁን ከውሃው ላይ አንሡና ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ ተመልከቱ። እዚያ ሰባት የመንገድ ሠራተኞችና አንድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሠራተኞቹ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤል ሳልቫዶር እንጀራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ሥራቸው በአስፋልቱ ላይ የተቦረቦረውን መድፈን ነው፤ ይህንንም የሚሠሩት ቀን መኪናው እንዳይጉላላ ብለው ሌሊት ነው። በዚያች ሰዓት እረፍት ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ታች የመርከቧ መሪዎች የሚችሉትን አደረጉ። መልሕቅ ጣሉ፣ በሬዲዮም መርከቧ ከእጃችን ወጥታለች፣ ድልድዩን ዝጉ ብለው ተጣሩ፤ ፖሊሶቹም አልዘገዩም፣ በደቂቃ ውስጥ በሁለቱም ጫፍ መኪና አስቆሙ። ሲነጋ ወደ ሥራ፣ ወደ ልጆቹ የሚመለስ ስንት ሰው በዚያች ደቂቃ ዳነ! ከዚያም አንዱ ፖሊስ ድልድዩ ላይ ሠራተኞች እንዳሉ አነሣ፣ አለቃቸው እንዲነገረው ተባባሉ፣ ሊነግራቸው ለመሄድ የተሰናዳም ነበር፤ ግን ሳይደርሱላቸው መርከቧ ምሰሶውን መታችው። የድልድዩ ብረት እርስ በርሱ የተያያዘ ነበርና አንዱ ምሰሶ ሲሄድ መካከሉ በሙሉ ተከትሎት ወንዝ ውስጥ ገባ። ተቆጣጣሪው ሮጦ አመለጠ፣ አንድ ሠራተኛም ከውሃው በሕይወት ወጣ፣ ስድስቱ ሞቱ። የመጨረሻው አስከሬን የተገኘው ሚያዝያ 29 ቀን፣ እኛ ፋሲካን በዋልን በሁለተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያች ዕለት ድረስ የሟቹ ቤተሰብ በር በሩን እያየ ከረመ። መርከቧን ከፍርስራሹ ያላቀቋት ግንቦት 12 ነው፤ የመርከብ መተላለፊያው በሙሉ የተከፈተውም ሰኔ 3 ነው።

ምክንያቱስ ምን ነበር? የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መረመረና በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተናገረ። ከመርከቧ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አንዲቷ ላልታ ነበር። መለያ ጽሑፍ የያዘው ሽፋኗ ያለ ቦታው ተደርጎባት፣ ሽቦዋ ማሰሪያዋ ውስጥ ጠልቃ እንዳትገባ አግዷት ኖሯል። የጊንጪ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ወገሉ ከላላ በሬው ቢጎለብት፣ ሞፈሩ ቢጠነክር ማረሻው አያርስም።

ደግሞ ሌላም አለ። ከዚያ በፊት ግንቦት 1 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በልደታ ዕለት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰንሻይን ስካይዌይ የሚባለውን ድልድይ በማዕበል መካከል መርከብ መትቶት 35 ሰው ሞቷል። ያን ያየ ሰው ምሰሶን ከመርከብ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ተምሯል፣ ለአደጋው ልክም መለኪያ ተበጅቷል። የባልቲሞሩ ድልድይ ግን በዚያ መለኪያ ሳይለካ ኖረ፤ ከወደቀ በኋላ ቢሰላ አደጋው ከሚፈቀደው 30 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ከሁሉ የከበደኝን ግን ልንገራችሁ። መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ መኪና እንዲቆም ለፖሊሶቹ ሲነገር ለሠራተኞቹም አብሮ ቢነገር ኖሮ፣ ምናልባት ወዳልፈረሰው ክፍል ለመድረስ ጊዜ በቂ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ተሯሯጠ፤ ግን የሚያልፈው ሰው አስቀድሞ ታሰበ፣ መንገዱን የሚያቃናለት ሰው ኋላ ታወሰ። እኛም በአምቦው መንገድ ላይ አካፋ ይዞ የቆመውን ሰው አቧራ አልብሰነው እናልፋለን። አለቃ የሆናችሁ፣ ሥራ የምታሠሩ፣ ሰው በድልድይ፣ በቦይ ወይም በጣራ ላይ የምታወጡ ሁሉ፣ ከሥራው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ክፉ ነገር ቢመጣ ለእነዚህ ሰዎች የሚነግራቸው ማን ነው፣ በምንስ ይነግራቸዋል? መልሱ ሳይገኝ ማንም አይውጣ።