ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ እና የስሜን ተራራ፦ ማህደራችንን ምን ላይ እናስቀምጥ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ይሻላል ወይስ ኤስኤስዲ? ሃርድ ዲስክ ሊጠፋ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?» እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ነገሩን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ ሕዝብ የሚያውቀውን ነገር ምን ላይ ያስቀምጣል? ያስቀመጠበት ነገርስ ስንት ዓመት ይቆያል? የእኛ አገር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከማንም ያላነሰ ልምድ አለው።

ከእኛው ተራራ ልጀምር።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በሳህኑ ላይ የምታነብና የምትጽፍ ትንሽ ራስ አለች። ይቺ ራስ ሳህኑን አትነካውም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጥረው ነፋስ ተሸክሟት ነው የምትንሳፈፈው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት እኮ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው! እንግዲህ ራሷን ደግፎ የያዛት አየር ነው ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ትጠጋለች፤ ከነካችው ደግሞ ያለው መረጃ ተቧጭሮ ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት የአብዛኞቹ የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች አምራቾች «ይህ ዕቃ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሠራል» ብለው ይጽፋሉ። በእነሱ አቆጣጠር 10 ሺህ ጫማ ነው። አሁን ቁጥሩን ወደ አገራችን አምጡት። ደባርቅ ከተማ ወደ 2,850 ሜትር ላይ ናት። ሳንቃበር 3,250 ገደማ ነው። ግጭና ጨነቅ ከ3,500 በላይ ናቸው። ራስ ደጀን 4,500ን ያልፋል። ስለዚህ የሃርድ ዲስክ ዋስትና የሚያበቃው ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዓለም ላይ ይህ ወሰን እንዲህ በቅርብ የሚያልፍባቸው ከተሞች ብዙ አይደሉም።

ይህ ማለት ሳንቃበር ላይ ላፕቶፕ ስትከፍቱ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ከፍቶ ሠርቶበታል። አምራቹ ግን ኃላፊነት አልወስድም ነው የሚለው። ጠፍቶ በቦርሳ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም፤ እስከ 12 ሺህ ሜትር ድረስ በአውሮፕላን ይጓዛል። አደጋው ሲሽከረከር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ አየሩ ተወግዶ ሂሊየም ተሞልቶባቸው የታሸጉ ዲስኮች ወጥተዋል፤ እነሱ ግን ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተሠሩ ናቸው እንጂ የእኛ ላፕቶፕ ውስጥ አይገኙም።

ኤስኤስዲ ግን ሳህንም ራስም የለውም። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። መረጃውን የሚይዘው በጣም ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ በተቆለፈ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። አየር አያስፈልገውም፤ ሚኒባስ ላይ ሲንገጫገጭ አይደነግጥም። ለተራራ የተፈጠረ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

የሁለቱን ዕድሜ እንመልከት። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአይቢኤም ማሽን ነው። ሃምሳ ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ ይሞላዋል። የኤስኤስዲ፣ የፍላሽ እና የሜሞሪ ካርድ አባት ደግሞ ፉጂዮ ማሱኦካ የሚባል የቶሺባ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው ፍላሽ ሜሞሪን የፈጠረው። ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ዘፈን የምታስጭኑበት ሜሞሪ የእሱ ሐሳብ ልጅ ነው።

ታዲያ ሃርድ ዲስክ ሊጠፋ ነው? ከእጃችን እየጠፋ ነው፣ ከዓለም ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓመት ከ600 ሚሊዮን በላይ ሃርድ ዲስክ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሩቡ እንኳ አይሸጥም። አዲስ ላፕቶፕ ከኤስኤስዲ ጋር ነው የሚመጣው። ነገር ግን ፌስቡክ ላይ የምትጭኑት ፎቶ፣ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ቪዲዮ በብዛት የሚቀመጠው አሁንም ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ምክንያቱ ዋጋ ነው። እኩል መጠን ላለው ቦታ ኤስኤስዲ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ሃርድ ዲስክ ከቤት ወጥቶ መጋዘን ገባ በሉት።

እስካሁን ያልኩት ኤስኤስዲ ያሸነፈ ያስመስላል። ታሪክ አስተማሪን የሚያሳስበው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው ያለው።

ኤስኤስዲ ውስጥ የተቆለፈው ሙል ቀስ እያለ ይፈስሳል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ራሱን ይጠብቃል፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ሲቀር ግን ይረሳል። የኢንዱስትሪው መለኪያ ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የመጻፍ አቅሙን ጨርሶ ካረጀ በኋላ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኤሌክትሪክ አንድ ዓመት እንዲቆይ ነው። አዲስ ከሆነ ከዚያ በላይ ይቆያል። ቅዝቃዜም ያግዘዋል፤ ስለዚህ የደባርቅ ብርድ ለዚህ እንኳ ጠቀመን። ርካሽ ፍላሽ ላይ ግን ይህን ያህል እምነት አትጣሉ። ሃርድ ዲስክ በበኩሉ ጠፍቶ ቢቀመጥ መረጃውን ለዓመታት ይይዛል፤ የእሱ ችግር ሞተሩና ራሷ መድረቃቸው ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኤስኤስዲ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ጠዋት ዝም ሊል ይችላል።

አሁን ከብራና ጋር አስተያዩት። የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። የፍየል ቆዳ፣ ቀለምና መቃ ብዕር። ለማንበብ የሚያስፈልገው ዓይንና ብርሃን ነው። «ማህደር» የምንለው ቃል እራሱ መጽሐፉ ተከቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት የቆዳ ከረጢት ስም ነው። ዛሬ ቢሮ ሄደን «ማህደሬ ጠፋ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ብራና ግን የማይችለው ነገር አለ፤ እሳትና ወሰድ። አጼ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ነው። ኋላ ላይ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍትን ሰብስበው መቅደላ አስቀመጡ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዘረፉት፤ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው። በእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ እኮ የጎንደር አድባራት የርስትና የጉልት መዝገብ ሳይቀር ተጽፏል። ማን ለማን መሬት ሸጠ፣ ማን መሰከረ የሚለው ሁሉ ያለው ለንደን ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። የተወሰደው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፤ የተቃጠለው ግን ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ ለዘላለም የለም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ፤ ቤተ ክህነታችን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆኖ ነው የጀመረው። አብዮት መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሥራው ግን ቀጠለ። ወደ 9,000 መጻሕፍት ተቀረጹ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ። እነዚያን ፊልሞች ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡና ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩ ሰው ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ብዕር አልጣሉም። ከተቀረጹት የሚበዙት ግን ከሸዋና ከወሎ ናቸው። በእኛ በስሜን ገደላ ገደሉ ያሉ ደብሮች መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ያላቸው አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

ማይክሮፊልም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማጉያ መነጽርና ብርሃን ካለ ይነበባል። የእኛ ዲጂታል ዕቃ ግን ማሽኑም፣ ፕሮግራሙም፣ ፊደሉም አብረው መኖር አለባቸው። ዲስኬት የሚያነብ ኮምፒውተር ዛሬ የት ታገኛላችሁ? ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የተተየበ ደብዳቤ፣ ፈተና፣ ቃለ ጉባኤ ዛሬ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይመጣል። ዲስኩ ሳይበላሽ ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዳባት ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ዲጂታል ማህደር ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያሳይ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢያችን አላውቅም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለ። ቤት ለቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን አገር ለቆ ሄደ ይመዘገባል። ቀድሞ በወረቀት፣ ኋላ በኮምፒውተር። አንዳንዶቻችሁ የዳባት ልጆች በዚያ መዝገብ ውስጥ ከተወለዳችሁበት ቀን ጀምሮ አላችሁ!

አስቡት እንግዲህ። መንገድ ቢፈርስ እንደገና ይሠራል። የ1990 ዓ.ም. የዳባት ልደትና ሞት ቢጠፋ ግን ማን ተመልሶ ሄዶ ይቆጥረዋል? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ እዚያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጣ። ብዙ ንጹሐን አለቁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ ጦርነት በክልላችን ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ልጁን ነው የሚያቅፈው፤ ስለ ሃርድ ዲስክ ማን ያስባል? ማሰብም የለበትም። ለዚህ ነው ሥራው በሰላሙ ጊዜ መሠራት ያለበት።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው መልሴ እንዲህ ነው።

ለዕለት ሥራ፣ በተለይ ወደ ፓርኩ ለምትወጡ አስጎብኚዎችና አጥኚ ልጆች፣ ኤስኤስዲ ግዙ። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁም ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ በኤስኤስዲ ብታስቀይሩት ነፍስ ይዘራል።

ለማስቀመጫ ግን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዛሬም ዋጋው ይቀላል፣ ተቀምጦም ይታገሣል። በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ እየሰካችሁ እዩት። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ዴስክቶፕ ያለው ቢሮ ያለ ዩፒኤስ ባይሠራ ጥሩ ነው።

ገበያ ላይ «2 ቴራ» ተብሎ በትንሽ ብር የሚሸጥ ፍላሽ ካያችሁ እለፉት። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆኖ ቁጥሩ የተዋሸ ነው። ሲሞላ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ በፊተኛው ላይ ይጽፋል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ስንት ጊዜ ጠፍቷል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጂው ሌላ ቦታ ይሁን። ሁለቱ ዲስክ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ ሌባውም እሳቱም አብሮ ይወስዳቸዋል። አንዱ ደባርቅ ካለ ሌላው ጎንደር ዘመድ ቤት ይቀመጥ። የድሮ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲያረጅ በአዲስ ብራና ይገለብጠው ነበር፤ እኛም በየአምስት ዓመቱ ወደ አዲስ ዕቃ እንገልብጥ። ሃርድ ዲስክም ሆነ ኤስኤስዲ ከዚያ በላይ ታምኖ የሚተው አይደለም። የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ያላችሁም ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

አንድ ልመና አለኝ። በየደብሩ የምታገለግሉ፣ ስልክ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ አባቶችን አስፈቅዳችሁ የመጻሕፍቱን ኅዳግ ፎቶ የምታነሡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በርቱ። ግን ያነሣችሁት ስልካችሁ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን ከስልኩ ጋር ይሰረቃል። የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለደብሩ፣ ሌላውን ለወረዳ ባህል ቢሮ አስረክቡ። ኤክስተርናል የሌላችሁ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ፤ ባለችን ዲስክ እንገለብጥላችኋለን።

አያቶቻችሁ ቤት የቆየ ፎቶ፣ ካሴት፣ የመሬት ደብዳቤ፣ ዲስኬት ያላችሁ ደግሞ ምን እንዳላችሁ ከታች ጻፉልኝ።