ጋርደን ሊቭ፦ ደመወዝ እየተከፈለ ከሥራ ገበታ መራቅ

ጋርደን ሊቭ የሥራ መልቀቂያ ያስገባ ወይም የስንብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሠራተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ ሙሉ ደመወዙ እየተከፈለው ከሥራ ገበታው ርቆ እንዲቆይ በአሠሪው የሚታዘዝበት አሠራር ነው። መነሻው እንግሊዝ ነው፤ ስያሜውም ቤት የዋለው ሰው ጓሮውን እየተንከባከበ ጊዜውን ይገፋል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። በፋይናንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በመገናኛ ብዙኃንና በመኪና እሽቅድምድም ዘርፎች ጎልቶ ይታያል። ዓላማው አንድ ነው፤ ሠራተኛው የያዘው ትኩስ መረጃ እስኪቀዘቅዝና ደንበኞቹን የሚተካው ሰው እስኪለምዳቸው ድረስ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት እንዳይሄድ ማድረግ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሉ መቼ ያበቃል በሚለው ላይ ነው። መልቀቂያውን ያስገባ፣ ርክክብ የጨረሰና የቢሮ መታወቂያውን የመለሰ ሰው ከድርጅቱ ጋር የተለያየ ይመስለዋል። በሕግ ዓይን ግን የማስጠንቀቂያው የመጨረሻ ቀን እስኪደርስ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ በተለመደው ቀን ይገባል፣ ግብሩ እንደ ወትሮው ይቆረጣል፣ የጡረታ መዋጮው ይቀጥላል፣ በውሉ የተሰጠው የሕክምና መድንም ሆነ የድርጅት መኪና በዚያው ይጸናል። የዓመት ፈቃድም መጠራቀሙን አያቆምም። በብሪታኒያ ሕግ ዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ 5.6 ሳምንት ነው፤ አሠሪው ቀሪው ፈቃድ በዚሁ ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ ማዘዝ ይችላል፣ ነገር ግን ከሚያስወጣው የፈቃድ ቀን እጥፍ ቀደም ብሎ ማሳወቅ አለበት። ጉርሻ ወይም ቦነስ ግን የሚወሰነው በውሉ ቃላት ነው፤ ብዙ ውሎች በክፍያው ቀን ማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ሰው ቦነስ እንደማያገኝ ይደነግጋሉ። ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባት በፊት ይህን አንቀጽ ማንበብ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ግዴታውም እንደ መብቱ ሁሉ ይቀጥላል። ሠራተኛው በዚህ ጊዜ አዲስ ሥራ መጀመር፣ የራሱን ተፎካካሪ ድርጅት ማንቀሳቀስ፣ ደንበኞችን ወይም የሥራ ባልደረቦችን አባብሎ መውሰድ አይችልም። ኢሜይሉና የድርጅቱ ሲስተም ይዘጉበታል፣ ላፕቶፑንና ስልኩን ይመልሳል። ይሁን እንጂ ስለ ተወው ሥራ ጥያቄ ሲቀርብለት በሥራ ሰዓት መልስ ለመስጠት ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። የዓመት ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ሌላ አገር መብረርም የውል ጥሰት ሊሆን ይችላል።

የብሪታኒያ ሕግ ከአንድ ወር በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ሊሰጥ የሚገባውን ማስጠንቀቂያ አንድ ሳምንት ብቻ ያደርገዋል። ሦስት፣ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር የሚባለው ሁሉ ከውል የሚመነጭ ነው። ጋርደን ሊቭ ከማስጠንቀቂያው ጊዜ ሊረዝም ስለማይችል፣ በውሉ ውስጥ ረጅም ማስጠንቀቂያ የፈረመ ሰው ረጅም ጋርደን ሊቭንም አብሮ ፈርሟል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ መሠረት የጣለው ፍርድ የኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጉዳይ ነው። የለንደኑ ጋዜጣ የምርት ሥራ አስኪያጅ በውሉ የአሥራ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ሲገባው በሁለት ወር ብቻ ለቅቆ፣ ባለሀብቱ ሮበርት ማክስዌል ሊጀምረው ወደተዘጋጀው ተፎካካሪ ጋዜጣ ሊሄድ ተነሣ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዕግድ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙን ያስቻለው የጋዜጣው ቃል ኪዳን ነበር፤ ደመወዙን ሳያቋርጥ እንደሚከፍል፣ ሰውየው መሥራት ከፈለገ ቦታው ክፍት እንደሆነ፣ ካልፈለገም ካሳ እንደማይጠይቀው አረጋገጠ። የማክስዌል ጋዜጣ ለንደን ዴይሊ ኒውስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1987 ወጥቶ በዚያው ዓመት በጁላይ ተዘጋ፤ የአሥራ ሁለት ወሩ ማስጠንቀቂያ ገና ሳያልቅ።

ከዚህ በኋላ ኩባንያዎች ዕግዱን እንደ ተራ መብት ማየት ጀመሩ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ወዲያው ልጓም አበጁለት። በፕሮቪደንት ፋይናንሻል ጉዳይ፣ አንድ የፋይናንስ ዳይሬክተር ሊቀላቀለው ያሰበው ድርጅት በቀሩት ሳምንታት ለአሠሪው ተጨባጭ ጉዳት እንደማያደርስ ስለታየ ዕግዱ ተከለከለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታየ ሌላ ጉዳይም የአንድ የውጭ ምንዛሪ ደላላ የሃያ ሳምንት ማስጠንቀቂያ በዕግዱ ውስጥ ወደ አሥራ ሦስት ሳምንት ዝቅ ተደርጓል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጊዜና ፍርድ ቤት የሚያስከብረው ጊዜ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አሠሪው ሊጠብቀው የሚገባ እውነተኛ ጥቅም፣ ማለትም የንግድ ምሥጢር፣ የደንበኛ ግንኙነት ወይም የሠራተኞቹ መረጋጋት፣ አደጋ ላይ መሆኑን ማሳየት አለበት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 በጄኤም ፊን ጉዳይ ሙሉ አሥራ ሁለት ወር በአንድ የኢንቨስትመንት ባለሙያ ላይ ጸንቷል፤ ረጅም ጊዜ በራሱ ውድቅ አያደርግም።

ከሁሉም ይልቅ ክብደት የምሰጠው እ.ኤ.አ. በ1998 ለተወሰነው የዊሊያም ሂል ጉዳይ ነው። የቆየው የእንግሊዝ አስተሳሰብ አሠሪ ደመወዝ እስከከፈለ ድረስ ሥራ የመስጠት ግዴታ የለበትም የሚል ነበር፤ ለወጥ ቤቷ ወር በወር ደመወዝ እየከፈለ ውጭ የሚበላ ሰው ምሳሌ ከ1940 ጀምሮ በፍርዶች ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል። የዊሊያም ሂል ሠራተኛ ስፕሬድ ቤቲንግ በተባለ የውርርድ ዓይነት የተካነ ከፍተኛ ዲለር ነበር። ስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ነበረበት፣ ውሉ ግን ስለ ጋርደን ሊቭ አንዲት ቃል አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ የሰውየው ሙያ ልዩና በየጊዜው ካልተሠራበት የሚደበዝዝ በመሆኑ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ሥራውን የመሥራት መብትም አለው ሲል ዕግዱን ከለከለ። ይህ ፍርድ የሰው ሙያ በደመወዝ ተተምኖ የሚቀመጥ ዕቃ እንዳልሆነ በሕግ ቋንቋ የተናገረ ስለሆነ ትልቅ ነው። ውጤቱም ተግባራዊ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የሚረቀቁ የሥራ መሪዎችና የልዩ ባለሙያዎች ውሎች ግልጽ የጋርደን ሊቭ አንቀጽ ይይዛሉ። አንቀጹ ሳይኖር ቤት እንዲቀመጥ የተደረገ ባለሙያ አሠሪው ውሉን እንዳፈረሰ ቆጥሮ ወዲያው መልቀቅ ይችል ይሆናል። ያን ጊዜ ከሥራ በኋላ የሚጸኑት ያለመወዳደር ግዴታዎችም አብረው ይወድቃሉ፤ መሠረታዊ ውል ያፈረሰ አሠሪ በዚያው ውል ሌላውን ማሰር እንደማይችል የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 ወስኗል። ደመወዙን ያቋረጠ አሠሪም ዕጣው ይኸው ነው።

ሠራተኛውም በራሱ ፈቃድ ጥሎ ቢሄድ አያመልጥም። ፍርድ ቤት ማንንም ሰው በግድ ሥራ እንዲሠራ አያዝም፤ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ ግን ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንራይዝ ብሮከርስ ጉዳይ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳይጨርስ የወጣ ደላላ ለመሥራት ፈቃደኛ ስላልነበረ ደመወዝ ሳይከፈለው በዕግዱ ታስሮ እንዲቆይ ተደርጓል። ፈቃደኛ ሆኖ ቤት የተቀመጠ ይከፈለዋል፣ እምቢ ብሎ የወጣ አይከፈለውም፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ጋርደን ሊቭ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ፋንታ ከሚፈጸም ክፍያ ጋር መምታታት የለበትም። በሁለተኛው መንገድ አሠሪው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይከፍልና ውሉ ያበቃል፤ ሠራተኛው በማግስቱ፣ ሌላ ገደብ ካልያዘው፣ የፈለገበት ሊቀጠር ይችላል። ያለመወዳደር ግዴታ ደግሞ የሚጀምረው ውሉ ካበቃ በኋላ ሲሆን ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ጋርደን ሊቭና ይህ ግዴታ ሲከታተሉ ስድስት ወር ጋርደን ሊቭና ስድስት ወር ገደብ ተደምረው ሰውን ዓመት ሙሉ ከገበያ ሊያርቁት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በክሬዲት ስዊስ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አንዱ ከሌላው በራሱ እንደማይቀነስ ወስኗል፤ ስለዚህ ቅናሹ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መደራደር የሠራተኛው ፋንታ ነው።

በመኪና እሽቅድምድም ዘርፍ ደግሞ፣ በፎርሙላ ዋን መኪና ዲዛይን የአንድ የውድድር ዘመን ዕውቀት በሚቀጥለው ያረጃል፤ ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው። ዝነኛው ዲዛይነር ኤድሪያን ኒዊ ሬድ ቡልን እንደሚለቅ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሲነገር ከውድድር መኪናው ዲዛይን ርቆ አርቢ17 በተባለው ሃይፐርካር ላይ እንዲያተኩር ተደረገ፤ በአስተን ማርቲን ሥራ የጀመረው በማርች 2025 ነው።

በአሜሪካ መልኩ ይለያል። በማሳቹሴትስ ከኦክቶበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው ሕግ ያለመወዳደር ውል ከአሥራ ሁለት ወር እንዳይበልጥ ይወስናል፤ አሠሪው በገደቡ ጊዜ ቢያንስ ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ያገኘውን ከፍተኛ መነሻ ደመወዝ ግማሽ እንዲከፍል ወይም ሌላ የተስማሙበት ጥቅም እንዲሰጥ ይጠይቃል። እዚያ ጋርደን ሊቭ የሚባለው ይህ ከሥራ መሰናበት በኋላ የሚፈጸም ክፍያ ነው። በዚያው ግዛት የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የኢንቨስትመንት ባንኩ ቤር ስተርንስ በአንድ የቀድሞ ሠራተኛው ላይ የዘጠና ቀን ጋርደን ሊቭ እንዲያስከብርለት ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋርደን ሊቭን በስም አያውቀውም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሁለቱም ወገኖች ግዴታ እንደጸና ይቆያል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የወጣ ሠራተኛ ከሠላሳ ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሳ ሊከፍል ይችላል። አዋጁ አሠሪው በውሉ መሠረት ለሠራተኛው ሥራ የመስጠት ግዴታ እንዳለበትም ይደነግጋል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ባለበት ሥርዓት፣ ደመወዝ እየከፈሉ ቤት ማስቀመጥ ከእንግሊዙ ይልቅ በሠራተኛው ስምምነት ላይ መቆም ይኖርበታል። የሥራ መሪዎች ግን ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ ለእነርሱ የማስጠንቀቂያው ርዝመትና ከሥራ ገበታ የመራቁ ጉዳይ በዋናነት የሚመራው በፈረሙት ውልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።